ለመጀመሪያ ጊዜ ከአውሮፕላን ለሚዘሉ፦ የታንደም ዝላይ አገልግሎት ከሀዋሳ ሲታይ

ታንደም ዝላይ፣ ማለትም ከአስተማሪ ጋር ተያይዞ በፓራሹት መዝለል፣ ሲሸጥ ማስታወቂያው የሚያወራው ስለ ከፍታው ነው፤ 3,000 ሜትር፣ 4,000 ሜትር፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ በአየር ላይ። ከፍታው ደስ ይላል፣ ይጠቅማልም። የመጀመሪያ ዝላይ የሚያምረው ወይም የሚበላሸው ግን መሬት ላይ ባለችው ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ነው፤ መታጠቂያው በሚጠብቅበት፣ እግር ማንሳት በሚለመድበት፣ አስተማሪው ጥያቄ በሚመልስበት ጊዜ። ይህን ክፍል በጥድፊያ የሚያልፍ የዝላይ ማዕከል ከየትኛውም ከፍታ ቢያዘልል ጥሩ ነጥብ አይገባውም።

አገልግሎቱ እንዲህ ነው። ዘላዩ መታጠቂያ ይለብስና ከአስተማሪው ደረት ጋር በአራት ቦታ ይያያዛል፤ ሁለቱ ትከሻ ላይ፣ ሁለቱ ዳሌ አጠገብ። ዋናውም ተጠባባቂውም ፓራሹት ያሉት አስተማሪው ጀርባ ላይ ስለሆነ ዘላዩ የሚሸከመው ነገር የለም። ከ4,000 ሜትር ሲዘለል ፓራሹቱ ሳይከፈት የሚወረድበት ጊዜ ከ50 እስከ 60 ሰከንድ ነው፤ ከ3,000 ሜትር ከሆነ ወደ 30 ሰከንድ ይወርዳል። ፓራሹቱ መሬት 1,500 ሜትር ገደማ ሲቀር ይከፈታል። ከዚያ በኋላ አምስት ስድስት ደቂቃ ተንሳፍፎ ማረፍ ነው።

ብቻን መዝለል መማር ሌላ መንገድ ነው። የመሬት ላይ ትምህርቱ ብቻ ሙሉ ቀን ይፈልጋል፣ ከዚያም ሁለት አስተማሪዎች ከጎንና ከጎን ይዘው ያዘልላሉ። አንዴ ቀምሶ ለማየት ለሚፈልግ ሰው ታንደም ይበቃል።

ከሀዋሳ ለሚነሳ ሰው ሁለት መዳረሻዎች ይቀናሉ። አንደኛው ስካይዳይቭ ዱባይ ነው፤ ፓልም ጁሜራ ከተባለው ሰው ሠራሽ ደሴት አጠገብ ከ13,000 ጫማ፣ ማለትም ከ4,000 ሜትር ገደማ፣ ያዘልላል። ዱባይ ውስጥ እህት ወይም የአክስት ልጅ ያለው ሰው ብዙ ስለሆነ ማደሪያውም ይቀላል። ሁለተኛው ኬንያ ውስጥ፣ ከሞምባሳ በስተደቡብ፣ ሕንድ ውቅያኖስ ዳር ያለው ስካይዳይቭ ዲያኒ ነው። ዲያኒ ለሚሄዱ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። እዚያ የውሃ ውስጥ ጠለቃም በሰፊው ይሸጣል፤ በታመቀ አየር ጠርሙስ እየተነፈሱ ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይሞላ ወደ ሰማይ መውጣት አይገባም። ጠለቃ ላይ ወደ ደም የገባው ናይትሮጅን፣ አየሩ ሲሳሳ አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያንና ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው ዝላዩን ያስቀድም፤ ከዝላይ በኋላ መጥለቅ ችግር የለውም።

ክብደት ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። ሲግማ የተባለው የታወቀ የታንደም ትጥቅ ከአውሮፕላን ሲወጣ እንዲሸከም የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት 500 ፓውንድ፣ ማለትም 227 ኪሎ ገደማ ነው። ከዚህ ላይ የአስተማሪውና የትጥቁ ራሱ ክብደት ይቀነሳል። ማዕከላት ብዙ ጊዜ 90 ወይም 100 ኪሎ አካባቢ ገደብ የሚያደርጉት ከዚያም ጠበቅ አድርገው ነው፤ ክብደት ሲጨምር ፓራሹቱ ፈጥኖ ይበራል፣ ማረፊያውም ይከብዳል። አንዳንዶቹ ከኪሎው ሌላ የቁመትና የክብደት ምጣኔም ይጠይቃሉ። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች ጋ መመዘን ለዚህ ጉዳይ አይሆንም፤ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ፣ የምትዘሉበትን ልብስና ጫማ አድርጋችሁ ተመዘኑ። ማዕከሉ በዕለቱ እንደገና ይመዝናል። የተጻፈው ከእውነተኛው ካነሰ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አለ፣ ከዚያ ካለፈም ትኬት ቆርጦ ሄዶ ሳይዘሉ መመለስ አለ።

ሰውነትን ማዘጋጀት ላይ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው አቅጣጫውን የሳተ ነው። ታቦር ተራራን ጠዋት ጠዋት መውጣት ለትንፋሽ ጥሩ ነው፤ ዝላዩ የሚጠይቀው ግን የታችኛውን ሆድና የጭን ፊት ጡንቻ ነው። ምክንያቱ ማረፊያው ነው። መሬት ሲቀርብ አስተማሪው እግር እንዲነሳ ያዝዛል፣ ዘላዩም ሁለት እግሩን ወደፊት ዘርግቶ ዳሌው ትክክል አንስቶ መያዝ አለበት። መታጠቂያው ጭንን ጠፍሮ ስለሚይዝ ይህ ሳሎን ቤት ውስጥ ከሚሠራው ይከብዳል። ቤት ውስጥ የሚለመደው እንዲህ ነው፦ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባን ቀጥ አድርጎ፣ ጉልበትን ሳያጥፉ ሁለት እግርን ማንሳትና 10 ሰከንድ መያዝ። ስምንት ጊዜ መደጋገም፣ ጠዋትና ማታ፣ ለሦስት ሳምንት ያህል። ለብቻው የማይነሳ ከሆነ ከጉልበት በታች በሁለት እጅ ይዞ መሳብ ይቻላል፤ ዝላዩም ላይ የሚፈቀድ ነው። ሁለተኛው ልምምድ በሆድ ተኝቶ ደረትንና ጭንን ከመሬት ማንሳት ነው። ከበሩ ሲወጣ የሚፈለገው ቅርጽ ይኸው ነው፤ ዳሌ ወደፊት፣ ራስ ወደኋላ፣ እግር ወደኋላ ታጥፎ በአስተማሪው እግሮች መሀል።

እዚህ ላይ አየር ወለድ የነበረ ዘመድ ያላችሁ ልብ በሉ። በእኛ ሀገር ፓራሹት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የወታደሩ ዝላይ ነው። እሱ ከጥቂት መቶ ሜትር ከፍታ፣ ከአውሮፕላኑ ጋር በታሰረ ገመድ ወዲያው በሚከፈት ክብ ፓራሹት የሚደረግ ነው፤ ሲያርፉ እግርን ገጥሞ በጎን መንከባለል ይማራሉ። የታንደም ፓራሹት አራት ማዕዘን ነው፣ እንደ ክንፍ ወደፊት ይበራል፣ መሬት አጠገብ በሁለት መሪ ገመድ ይያዝና ፍጥነቱ ይሞታል። ስለዚህ «እግርህን ገጥመህ መሬቱን ተቀበል» የሚለው የአየር ወለድ ምክር ለእነሱ ትክክል ቢሆንም ለታንደም አደገኛ ነው። ሁለት ሰው ወደፊት እየሄደ ሳለ የፊተኛው እግር መሬት ከነካ የኋለኛው ሰው ክብደት በሙሉ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያርፋል።

ጤናን በተመለከተ፣ የልብ ሕመም፣ ያልተቆጣጠሩት የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ እርግዝና፣ በቅርብ የተደረገ ቀዶ ሕክምና ወይም የጀርባ አጥንት ጉዳት ካለ መጀመሪያ ሐኪም መጠየቅ ግድ ነው፤ እርጉዝ ሴትማ ጭራሹን አትዘልም። ትከሻው ወልቆ የሚያውቅ ሰው ይህን ለአስተማሪው ሳይደብቅ ይንገር፤ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር በሚሮጥ ነፋስ ውስጥ እጅ ሲዘረጋ ደካማ ትከሻ እንደገና ሊወልቅ ይችላል፣ አስተማሪውም እጁን ሰብስቦ እንዲይዝ ያደርገዋል። ጉንፋን የያዘው ሰው መዝለል የለበትም። ከ4,000 ሜትር እስከ መሬት በጥቂት ደቂቃ ሲወረድ አፍንጫና ጆሮ ከተዘጉ የውስጡና የውጭው ግፊት ሳይመጣጠን ቀርቶ የጆሮ ታምቡርን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ደህና የሆነ ሰውም ቢሆን ፓራሹቱ ከተከፈተ በኋላ አፍንጫውን ይዞ ቀስ ብሎ በመንፋት ጆሮውን ይክፈት።

ምግብ ላይ ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች አሉ። አንዱ ፈርቶ ምንም አለመብላት ነው፤ በባዶ ሆድ ከፍርሃቱ ጋር ራስ ይዞራል፣ ማቅለሽለሹም ይብሳል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ወይ ዝላዩን ከጾም ወራት ውጭ ያድርገው፣ ወይ ከጾም መፍቻ በኋላ ያለውን የመጨረሻ ተራ ይጠይቅ። ሁለተኛው ስህተት ክትፎ ወይም ጨጨብሳ በልቶ መምጣት ነው፤ ቅባት የበዛበት ምግብ ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ መታጠቂያው ሆድን ሲጫነው ወደ ላይ ይላል። ከዝላዩ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ትንሽ ሻይ ይበቃል። መጠጥ ከቀደመው ቀን ጀምሮ መቅረት አለበት፤ የአልኮል ሽታ ያለበትን ሰው ማዕከሉ ይመልሰዋል፣ ትክክልም ነው። ጫትም እንዲሁ ይቅር። እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብን ያፈጥናል፣ ያደረቀው ሰውነት ከፍርሃት ጋር ሲደመር አስተማሪው የሚናገረውን መስማት ያቅታል።

ልብስ ቀላል ነው፤ ሱሪ ግን የግድ ነው። ማሰሪያው በእያንዳንዱ ጭን ዙሪያ ስለሚያልፍ በረጅም ቀሚስ መታጠቅ አይቻልም። አለባበሷን የምትጠብቅ ሴት ሰፊ የስፖርት ሱሪና ረጅም ካናቴራ ብትለብስ ማዕከሉ ከላይ ቱታ ይደርብላታል። ማሰሪያውን የሚያጠብቀው አስተማሪው ስለሆነ ሴት አስተማሪ ከፈለገች ስትመዘገብ አስቀድማ ትጠይቅ፤ በዕለቱ ቢጠየቅ ላይገኝ ይችላል። ጫማ በክር የሚታሰር ስኒከር ይሁን። ማሰሪያው መንጠቆ ያለው ቡት ገመድ ሊይዝ ስለሚችል አይፈቀድም፣ ሰንደልም ይወልቃል። ፀጉር ሹሩባ ከተሠራ በጣም ጥሩ ነው፤ የተለቀቀ ረጅም ፀጉር ከአስተማሪው ፊት ጋር ይጋጫል፣ ይተበተባልም። ማተብ ያለው ሰው ከካናቴራው ስር ያስገባው፤ ጉትቻ፣ ሰዓትና ቀለበት ሳጥን ውስጥ ይቅሩ። መነጽር የሚያደርግ ሰው በላዩ የሚጠለቅ ሰፊ የዝላይ መነጽር ይሰጠዋል፣ ይህም እንዲዘጋጅ አስቀድሞ ይንገር።

ብርዱን የሚረሳ ብዙ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ 4,000 ሜትር ላይ 26 ዲግሪ መሆኑ ነው። ዱባይ መሬት ላይ 28 ከሆነ በሩ ሲከፈት 2 ዲግሪ ነው፣ በዚያ ላይ ነፋሱ። በሙቀት አገር ነኝ ብሎ በቁምጣ መምጣት ዝላዩን ያበላሻል፤ አንድ ቀጭን ሹራብ ከቱታው ስር ይበቃል።

ቀጠሮ ሲያዝ ሰዓቱን አስተካክሉ። ማዕከሉ 9:00 ካለ በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ ዱባይ ደግሞ ከኢትዮጵያ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። በዚህ ተራውን ያጣ ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡ አይመለስለትም። የኃላፊነት ውሉን ቅጂም አስቀድማችሁ በኢሜይል ጠይቁ። ውሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ጉዳት ቢደርስ የመክሰስ መብትን የሚያስቀር ረጅም ጽሑፍ ነው። ሰልፍ ላይ ቆሞ አሥር ገጽ መፈረም ተገቢ አይደለም፤ ቤት ተቀምጣችሁ፣ ካስፈለገ ቋንቋውን ከሚያውቅ ሰው ጋር አንብቡት። ውሉን አስቀድሞ ለመላክ እምቢ የሚል ማዕከል ካለ ሌላ ፈልጉ።

አሁን ወደ መታጠቂያው፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። የትከሻ ማሰሪያ፣ የደረት ማሰሪያ፣ የወገብ ማሰሪያ፣ ሁለት የጭን ማሰሪያ አለው። ዳሌንና ጭንን ከኋላ የሚያያይዝ ተጨማሪ ማሰሪያም ሊኖረው ይገባል፤ ሥራው ዘላዩ ሲቀመጥ ወይም እግሩን ሲያነሳ መታጠቂያው ወደ ጉልበት እንዳይንሸራተትና ሰውነት ከኋላ እንዳይወጣ መያዝ ነው። አስተማሪውን «ይህኛው የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ጥሩ አስተማሪ በእጁ ነክቶ ያሳያል። የጭኑ ማሰሪያ ከጭኑ ጫፍ፣ ብሽሽት ድረስ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ዝቅ ብሎ ከታሰረ ፓራሹቱ ሲከፈት ሽቅብ ይስብና ጭንን ይቆርጣል፤ ከዝላይ በኋላ በጭን ላይ የሚታየው መበለዝ አብዛኛው ከዚህ ይመጣል። ወንዶች ማሰሪያው ከመጥበቁ በፊት ሱሪያቸውን ያስተካክሉ፤ ይህን መሬት ላይ ያላደረገ ሰው ለአምስት ደቂቃ ይሠቃያል።

የጥብቀት ልኩ፣ ቆመው ሲሆን ትንሽ ጎንበስ የሚያደርግ፣ ሁለት ጣት በግድ የሚያስገባ ነው። መሬት ላይ የተመቸ መታጠቂያ ላልቷል ማለት ነው። ላልቶ ከሆነ ፓራሹቱ ሲከፈት ዘላዩ ከአስተማሪው በታች ይንጠለጠላል፣ ሲያርፉም እግሩ ከአስተማሪው እግር ቀድሞ መሬት ይነካል። አውሮፕላን ውስጥ አስተማሪው እንደገና ያጠብቃል፤ አራቱም መያዣዎች መታሰራቸውን በሩ ከመከፈቱ በፊት አንድ በአንድ ይነካል። ይህን ሲያደርግ ጮክ ብሎ የሚቆጥርና ለዘላዩ የሚያሳይ አስተማሪ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል። ሊታመን የሚገባው ማዕከልም መሬት ላይ የበሩን አወጣጥና የእግር ማንሳቱን ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ ያለማምዳል፤ ቪዲዮ አሳይቶ ብቻ ወደ አውሮፕላን የሚያስገባ ማዕከል ይህን ሥራ ሰርቋል።

ስለ ትጥቁ መጠየቅ የሚገባው ሦስት ነገር ነው። አስተማሪው ምን ያህል ልምድ አለው? የአሜሪካው ፓራሹት ማኅበር የታንደም አስተማሪ ለመሆን ቢያንስ 500 ዝላይና በስፖርቱ ሦስት ዓመት ይጠይቃል፤ ከዚያ ያነሰ ካለ አይመረጥም። ተጠባባቂው ፓራሹት መቼ ታጠፈ? በአሜሪካ ሕግ ባይከፈትም በየ180 ቀኑ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ተፈትቶ፣ ተፈትሾ፣ እንደገና ይታጠፋል፤ ቀኑና ፊርማው ትጥቁ ውስጥ ባለ ካርድ ላይ ይጻፋል። በራሱ የሚከፍት መሣሪያ አለው? እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ሳይፕረስ ከእነዚህ በጣም የታወቀው ነው። የታንደሙ ዓይነት፣ ከመሬት 580 ሜትር ላይ ሳሉ ገና በሰከንድ ከ35 ሜትር በላይ እየወረዱ ከሆነ፣ ሰው ምንም ባያደርግ የተጠባባቂውን መያዣ ቆርጦ ይከፍተዋል።

ታንደም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቢል ቡዝና በቴድ ስትሮንግ ሥራ ነው። ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲወድቅ ክብደቱ እጥፍ ስለሚሆን ከአንድ ሰው እጅግ ፈጥኖ ይወርዳል፤ በዚያ ፍጥነት ትልቁ ፓራሹት ቢከፈት ሰውንም ጨርቁንም ይጎዳል። ስለዚህ ከበሩ እንደተወጣ አስተማሪው ትንሽ ፍጥነት ያዥ ፓራሹት ከኋላ ይለቅቃል፣ እሷም ፍጥነቱን 200 ኪሎ ሜትር በሰዓት አካባቢ ትይዛለች። ዋናው ተበላሽቶ ቢከፈት የሚጣለው በሦስት ቀለበት መቆለፊያ ነው፤ ይህም የቢል ቡዝ ፈጠራ ሲሆን ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 3.65 ሚሊዮን ዝላይ ተደርጎ የሞተው 10 ሰው ነው፤ ሞቱም በአብዛኛው የሚደርሰው ልምድ ባላቸው ብቸኛ ዘላዮች ላይ ነው። ታንደም ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ቁርጭምጭሚት ነው፤ እግር ማንሳት እዚህ ደጋግሞ የሚነሳው ለዚህ ነው።

አውሮፕላኑ ትንሽ ሴስና ከሆነ 3,000 ሜትር ለመድረስ ሃያ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ተርባይን ሞተር ያለው ትልቁ ከሆነ 4,000 ሜትር በሩብ ሰዓት ይደርሳል። በጣም የሚፈራው ሰዓት ይህ ነው። በሩ ላይ እጆች ደረት ላይ ያለውን ማሰሪያ ይያዙ፣ ራስ ወደኋላ አስተማሪው ትከሻ ላይ ይጋደም፣ እግር ከአውሮፕላኑ ስር ወደኋላ ይታጠፍ። የበሩን ጠርዝ መያዝ ዋናው ስህተት ነው፤ አወጣጡን ያዛንፋል፣ አስተማሪውንም ያስቸግራል። ብዙዎች የሚፈሩት ሆድን ባዶ የሚያደርግ መውደቅ ብዙም አይሰማም፤ አውሮፕላኑ ራሱ በፍጥነት ወደፊት እየሄደ ስለነበር ነፋሱ ወዲያው ይቀበላል፣ ሙሉ ፍጥነት ላይ ለመድረስም አሥር ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። አስተማሪው ትከሻ ሲነካ እጅ ይዘረጋል። አየር አጠረኝ የሚል ሰው ራሱ ትንፋሹን ስለያዘ ነው፤ በአፍንጫ መሳብ፣ ወይም መጮህ ያስለቅቀዋል። በማናቸውም ጊዜ ባለቀለም እጀታዎችን አትንኩ፣ የአስተማሪውንም እጅ አትያዙ።

ፓራሹቱ ሲከፈት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የመሳብ ስሜት አለ፣ ከዚያ ጸጥታ ነው፤ መነጋገርም ይቻላል። ማቅለሽለሽ የሚመጣው በመውደቁ ሰዓት ሳይሆን እዚህ ነው፤ ምክንያቱ አስተማሪው ለማስደሰት የሚያደርገው ጥምዝምዝ መዞር ነው። ሆዱ የሚረበሽ ሰው «ቀስ ብለህ አውርደኝ» ብሎ አስቀድሞ ይንገር፤ ይህ መብት ነው። ግራውን ሲስቡ ወደ ግራ፣ ቀኙን ሲስቡ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ መሪውን ሲሰጣችሁ ያዙት፣ ሲመልስ ደግሞ ወዲያው መልሱ። ከማረፉ በፊት ከፍ ባለ ቦታ እግር ማንሳቱን አንድ ጊዜ መለማመድ አለበት። አስተማሪው ይህን ካላስለመደ ራሳችሁ ጠይቁ። ነፋስ በሌለበት ቀን ፓራሹቱ መሬት ላይ ፈጥኖ ስለሚመጣ በመቀመጫ ተንሸራትቶ ማረፍ የተለመደ ነው። «ቁም!» እስኪባል እግር እንደተነሳ ይቆይ።

ቪዲዮው ሁለት ዓይነት ነው። በአስተማሪው እጅ ላይ ያለችው ካሜራ ፊትን አቅርባ ታሳያለች፤ ሌላ ካሜራማን አብሮ የሚዘልበት ውድ ነው፣ ግን ከበሩ የሚወጣበትን ቅጽበት በሙሉ የሚያሳየው እሱ ብቻ ነው። በጀት ለጠበበው የእጁ ካሜራ በቂ ነው፤ የሚተርፈውን ገንዘብ ከፍ ላለ ዝላይ ያውለው። ስልክ ይዞ መውጣት አይፈቀድም፤ የራስ ካሜራም እንዲሁ። የአሜሪካው ማኅበር ልምድ ላለው ዘላይ እንኳ 200 ዝላይ ሳይሞላ ካሜራ አይመክርም። ዱባይ ለሚሄድ ሌላ ጥሩ የገንዘብ መዋያ ሚርዲፍ ሲቲ ሴንተር ውስጥ ያለው አይፍላይ የነፋስ ማማ ነው፣ ከታች በሚነፋ ኃይለኛ ነፋስ ሰውን የሚያንሳፍፍ፤ ከዝላዩ አንድ ቀን አስቀድሞ እዚያ የገባ ሰው ነፋሱን ለምዶ ይመጣል፣ በዝላዩ ቀንም ዓይኑ ወደ መሬቱ ይሄዳል።

አየር ሁኔታ የሚያስቀርበት ቀን ይኖራል። ሦስት ቀን ብቻ የሚቆይ ሰው ዝላዩን ለመጀመሪያው ቀን ይያዝ፤ ነፋስ ወይም ደመና ቢያስቀረው ሁለት ቀን ይቀረዋል። ለኬንያ ጠረፍ ሚያዝያና ግንቦት ከባዱ የዝናብ ወቅት ስለሆኑ አይመረጡም። ሲከፈል የሚጠየቀው፣ በአየር ምክንያት ከቀረ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ሌላ ቀን ብቻ ይሰጣል የሚለው ነው። ተሳፍሮ በር ላይ ደርሶ ፈርቶ የተመለሰ ሰው ግን ገንዘቡ እንዳይመለስለት በውሉ ይጻፋል፤ አውሮፕላኑ ነዳጁን አቃጥሏልና ፍትሐዊ ነው። የጉዞ ኢንሹራንስ ሲገዛም ከአውሮፕላን መዝለል ተካቶ እንደሆነ በጽሑፍ ይረጋገጥ፤ አብዛኞቹ ለይተው ያስቀሩታል።

ለሀዋሳ ልጆች ግን ሁልጊዜ የሚነሳው ጥያቄ «እዚሁ ሐይቁ ላይ ቢሆንስ?» የሚለው ነው። ውበቱ አያከራክርም። አንድ ቡድን አውሮፕላን ይዞ ቢመጣ ግን ከባሕር ጠረፍ ይልቅ እዚህ ጥያቄ ይበዛበታል። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የዝላይ ከፍታ የሚለካው ደግሞ ከሚታረፍበት መሬት ነው። የአሜሪካ ሕግ ከባሕር ጠለል ከ15,000 ጫማ፣ ማለትም ከ4,570 ሜትር በላይ ለተሳፋሪ ሁሉ ኦክስጅን እንዲቀርብ ያዛል። ከዚህ 1,700 ሲቀነስ፣ በዚህ ሕግ ልክ ለተሳፋሪዎቹ ኦክስጅን ያልጫነ አውሮፕላን ከሀዋሳ በላይ 2,870 ሜትር አካባቢ ላይ ማብቃት አለበት ማለት ነው። «4,000 ሜትር» የሚል ማስታወቂያ እዚህ ከታየ ኦክስጅኑ የት እንዳለ ይጠየቅ። አየሩ ከባሕር ዳሩ በ15 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ ፓራሹቱም ስምንት ዘጠኝ በመቶ ፈጥኖ ይበራል፣ በቀትር ሙቀት ደግሞ ይጨምራል። እግር ማንሳት የማይችል ሰው እዚህ ከዲያኒ አሸዋ በላይ ይጎዳል።

ሰዓቱ ማለዳ መሆን አለበት። አሞራ ገደል ያሉት አባ ኮዳዎች ክንፋቸውን ዘርግተው ሳያራግቡ እየዞሩ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምሩ መሬቱ ሞቆ አየሩ ሽቅብ መነሳቱን ያሳያሉ፤ ያ አየር ፓራሹትንም ያናውጣል፣ ትልልቆቹ ወፎች ራሳቸውም ለአውሮፕላንና ለዘላይ አደጋ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነጭ አረፋ ሲበዛ ነፋሱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር አልፏል። የአሜሪካው ማኅበር ለብቻቸው ለሚዘሉ ተማሪዎች የሚፈቅደው እስከ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ታንደም በአስተማሪው ውሳኔ ከዚያ በላይ ሊዘለል ይችላል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን በዚያ ነፋስ አለመዝለል ይሻላል። ሐይቁ ጉማሬ አለበት፣ ዳሩም ቄጠማና ጭቃ ነው። ስለዚህ ማረፊያው ከውሃው ምን ያህል ይርቃል፣ ለዘላዩም ለአስተማሪውም የሚነፋ የመንሳፈፊያ ሰደርያ አለ ወይ፣ ሐይቁ ላይ ሞተሩ የሚሠራ ጀልባ ከነሹፌሩ ይጠብቃል ወይ ብሎ ገንዘብ ሳይከፈል መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ገንዘቡ ለዲያኒ ትኬት ይቀመጥ።